ማላዊ ለበጎ ፈቃድ ሄጄ የሕፃናት ክፍል ገባሁ፤ መግባት ነበረብኝ ወይ?

ይህን ጥያቄ መድረኩ ላይ ያስቀመጥኩት ዓርብ ማታ ነው። እስከ ረቡዕ 33 ምላሽ ደረሰው። ክሩ በመርዘሙ ዘግይተው የመጡ ሰዎች መሐል ላይ እየገቡ ቀድሞ የተመለሰውን እንደ አዲስ መጠየቅ ጀመሩ። ስለዚህ ከራሴ ጽሑፍ ተነሥቼ ማን በስንተኛው ምላሽ ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። ሐሳቡን ያዛባሁበት ሰው ካለ ያርመኝ።

የመክፈቻው ጽሑፍ

ከምኖርበት ከቨርጂኒያ የሦስት ወር ፈቃድ ወስጄ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 ወደ ደቡብ ማላዊ ሄድኩ። ሥራዬ ከዞምባ ከተማ ወጣ ባለ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆችን እንግሊዝኛ ማስነበብ ነበር። የሕክምና ትምህርት የለኝም፤ መርፌ ጨብጬ አላውቅም። ጊዜው ዝናብ ነው፤ እዚያ የዝናብ ወራት የወባ ወራት ናቸው። በሄድኩ በአምስተኛው ሳምንት የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሠራተኛ የሦስት ዓመት ልጅ ሁለት ቀን ሲያተኩሰው ቆይቶ በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ርዕሰ መምህሩ መኪናቸውን አስነሡ፤ እኔም አብሬ ተሳፈርኩ።

እናቲቱ ከቤት ስትወጣ ልጁን ቺቴንጄ በሚሉት ጨርቅ አዝላ፣ በአንድ እጇ ድስት፣ በሌላው በፕላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር ይዛ ነበር። ድስቱ ወዲያው ገባኝ። ደብረ ብርሃን እናቴ ታማ በተኛች ጊዜ ፔርሙዝና ምሳ ዕቃ ይዤ የተመላለስኩ ሰው ነኝ፤ አስታማሚ ባዶ እጁን አይሄድም። ደብተሩ ግን አዲስ ሆነብኝ። ማላዊ ውስጥ በሽተኛው የሕክምና ታሪኩን የሚይዘው ራሱ ነው። ክትባቱ፣ ክብደቱ፣ የታዘዘለት መድኃኒት ሁሉ በዚያች ደብተር ይሰፍራል። ነርሷ አንድ ዓይኗን ልጁ ላይ አድርጋ እጇን የዘረጋችው ወደ ደብተሩ ነበር።

በብዙዎቹ አልጋዎች ላይ ሁለት ሁለት ልጆች ተኝተዋል። ተረኛዋ አንዲት ነርስ ናት። የልጁን ጣት የደም ኦክስጅን በመቶኛ በሚለካው ፐልስ ኦክሲሜትር ውስጥ ስታስገባው 84 አለ። ጥግ ላይ የቆመው ኮንሰንትሬተር የሚባል መሣሪያ በማከፋፈያ ሦስት ሕፃናትን ኦክስጅን ይሰጣል፤ የእኛ ልጅ አራተኛ ሆነ። በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ እንደ ክር አቅጥና ቆርጣ አስቀድማ የለጠፈቻቸው የፕላስተር ቁራጮች ነበሩ። ሁለቱን ላጥ ላጥ አድርጋ ቱቦውን በልጁ ጉንጮች ላይ አጣበቀችው። አምስት ቁራጭ ቀረ። ከጥቅልሉ የተረፈው መሐሉ ያለው ካርቶን ብቻ ነው።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ግድም መብራት ጠፋ። በዚያው ዓመት በጃንዋሪ አና የተባለችው ዐውሎ ነፋስ በሺሬ ወንዝ ላይ ያለውን የካፒቺራ ኃይል ማመንጫ ጎድታው ስለነበር የመብራቱ መጥፋት ለማንም እንግዳ አልነበረም። የሆስፒታሉ ጄኔሬተር ግን አልነሣም አለ። የኮንሰንትሬተሩ ጉርምርምታ ቆመና ቀጭን የማስጠንቀቂያ ጩኸት ተካው። ነርሷ ቱቦዎቹን እየነቀለች ወደ አንዱ ሲሊንደር ስታዞር እኔ ስልኬን አብርቼ ያዝኩላት። በዚህ መካከል አንዲት ሌላ እናት ከጀርባዬ መጥታ እጅጌዬን ይዛ ወደ ልጇ ጎተተችኝ። መነጽር አድርጌአለሁ፣ አፍና አፍንጫዬ በጭምብል ተሸፍኗል፣ የአገሩ ሰው አይደለሁም፤ ሐኪም መስያታለሁ። ከአገሩ ቋንቋ ከቺቼዋ የማውቀው ሙሊ ብዋንጂ የሚለውን ሰላምታና ዚኮሞ የሚለውን ምስጋና ብቻ ነው። ሐኪም አለመሆኔን በምን ልንገራት? ልጇን አየሁት፤ ምኑን እንደማይ ግን አላውቅም። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ጄኔሬተሩ ተነሣ። እጅጌዬን የለቀቀችው ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ አብረውኝ ከነበሩት በጎ ፈቃደኞች ሁለቱ ሆስፒታሉን ማየት ፈልገው መጡ። አንደኛው ካሜራውን ሲያወጣ አንዲት እናት ቺቴንጄዋን በልጇ ፊት ላይ ሳበች። ምንም አልተናገረችም።

ጥያቄዬ ይህ ነበር፦ ሙያ የሌለው ሰው በሰው አገር ሆስፒታል ውስጥ ምን ይሠራል? እኔ በበኩሌ ከበሩ መመለስ ነበረብኝ ብዬ ጻፍኩ።

ምላሾቹ

1ኛዋ መላሽ ከሚኒሶታ የምትጽፍ ነርስ ናት። እህቴ ብላ በትሕትና ጀመረች። እናቲቱን ብቻዋን አለመተዌን ወደደችው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ምንም አለመንካቴን። እርሷ የምትመራበት ደንብ አንድ ነው፤ በምትኖርበት አገር እንድትሠራው የማይፈቀድላትን ነገር ሌላ አገር ሄዳ አትሠራም። ገና የሕክምና ትምህርት ያልጀመሩ ወጣቶች ለሁለት ሳምንት አፍሪካ ሄደው ቁስል ሲሰፉ የተነሡትን ፎቶግራፍ ማየት እንደሚያሳምማት ጻፈች። የሚሰፋው የሰው ሥጋ እንጂ መለማመጃ ጨርቅ አይደለም ነው የምትለው።

2ኛው ከጅማ የሕክምና ተማሪ ነው። ከነርሷ ጋር ተስማምቶ እኔን አረመኝ። በመጀመሪያው ጽሑፌ ኮንሰንትሬተሩን ኦክስጅን የሚሠራ መሣሪያ ብዬው ነበር። መሣሪያው ኦክስጅን አይፈጥርም፤ የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን፣ 21 በመቶው ኦክስጅን ስለሆነ ናይትሮጅኑን ዚዮላይት በሚባል ማዕድን ውስጥ አስቀርቶ ኦክስጅኑን ያሳልፋል። መብራት ከሌለ መጭመቂያው ይቆማል፤ መጭመቂያው ከቆመ ሁሉም ይቆማል። 84 ምን ማለት እንደሆነም ያስረዳኝ እርሱ ነው። የልጆች ቁጥር ከ90 ሲወርድ ኦክስጅን ይሰጣቸዋል። እኔ ያን ሌሊት 84ን ያየሁት ከመቶ እንደተገኘ የፈተና ውጤት ነበር፤ መጥፎ አልመሰለኝም።

3ኛው የላከኝን ድርጅት ስም ጠየቀ፤ ለብቻው መለስኩለት።

4ኛው ሰላምታ አልሰጠም። አገሬ ላይ ሕፃን እየሞተ ማላዊ ድረስ የሄድኩበትን ምክንያት ጠየቀ፤ ለፈረንጅ ድርጅት ለመታየት ነው ብሎ ራሱ መለሰ። 5ኛው ደግሞ ከእርሱ የባሰ ቁጣ ይዞ መጣ፤ ቁጣው ግን ሌላ ነው። ድስት ይዛ የመጣችውን እናት እንደ ተአምር መጻፌ አቃጥሎታል። አባቱን ሲያስታምም በአገራችን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ካርቶን አንጥፎ 21 ሌሊት አድሯል። የጥበቃ ሠራተኛው ጎሕ ሳይቀድ እየቀሰቀሰ ካርቶኑን ያስነሣው ነበር፤ ሐኪሞች ለጉብኝት ከመምጣታቸው በፊት ወለሉ መወልወል ስላለበት። እርሱ ያን ጊዜ የጻፈለት ሰው እንደሌለ ነገረኝ።

6ኛው የእኔ ነው። ለ4ኛው አጭር መልስ ሰጠሁ፤ ያመለከትኩት ለማስተማር ነው፣ ቦታ የተገኘው እዚያ ነው፣ የሕፃን ጉሮሮ ደግሞ ፓስፖርት የለውም። ለ5ኛው ግን ይቅርታ ጠየቅሁ። ልክ ነው። ድስቱ የገባኝ አገሬ ላይ ስላየሁት ነው ብዬ ጽፌ ሳበቃ፣ አገሬ ላይ ያየሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፌው ነበር።

ክሩን ከመበላሸት ያዳኑት በ7ኛው ምላሽ የመጡት ጡረተኛ ጤና መኮንን ናቸው። የተማሩት እ.ኤ.አ. በ1954 በተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው፤ ከአብዮቱ በፊት ተመርቀው መተማ ተመደቡ። ለ4ኛው መላሽ ልጄ ብለው ነው የጻፉለት። እኛም የሰው አገር ሰዎች መጥተው እንዳገለገሉን አስታወሱት፤ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓዶች በየአውራጃው ትምህርት ቤት አስተምረዋል፣ በደርግ ዘመን የኩባ ሐኪሞች በሆስፒታሎቻችን ሠርተዋል። እርሳቸው ራሳቸው ሂሳብ የተማሩት ከአንድ የሰላም ጓድ ነው። ያ ሰው የታመመ ተማሪ ሲኖር ቤቱ ድረስ ይሄድና ጫማውን ደጃፍ አውልቆ ይገባ ነበር። ማን እንዳስተማረው አያውቁም፤ ጫማውን ማውለቁን ግን አምሳ ዓመት አልረሱትም።

ከዚያ ስለ ወባ ጻፉ፤ ከክሩ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን ነው። በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ወባን የማያውቅ ሰውነት ይዞ ይመጣል፤ በጤና ጣቢያው በር ላይ በቃሬዛ ይደረደራል። የነበራቸው መድኃኒት ኩዊኒን ነው። በጉሉኮስ ተቀላቅሎ አራት ሰዓት ሙሉ ጠብ ጠብ ማለት አለበት፤ ከፈጠነ ልብ ያናጋል። ጠብታውን በእጅ ሰዓታቸው ይቆጥሩ ነበር። በሽተኛው ጆሮው ይጮኻል፤ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ስለሚያወርደው የነቃ የመሰለው ልጅ ድንገት ይዝለፈለፋል። አንድ ሌሊት ሦስት ልጆች በአንድ ጊዜ ጉሉኮስ ተሰክቶላቸው ሰዓቱ አንድ ብቻ ሆነባቸው። ያን ሌሊት ከጎናቸው ቆሞ የሁለተኛውን ልጅ ጠብታ የቆጠረላቸው አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ሙያ የለውም፤ መቁጠር ግን ያውቃል። እኔ ስልኬን አብርቼ መያዜን ከዚያ ሾፌር ጋር አንድ አድርገው አዩልኝ፤ ከበሩ መመለስ ነበረብኝ ያልኩትን እንዳነሣው ጠየቁኝ።

8ኛው የጅማው ተማሪ ነው። ጋሼ እያለ በአክብሮት፣ የዛሬ ልጆች ኩዊኒን በማንጠብጠብ እንደማይታከሙ ነገራቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው፣ በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች 5,425 ሕፃናትን ያካተተው ጥናት አርቴሱኔት በመርፌ ሲሰጥ ሞትን ከኩዊኒን ይልቅ 22.5 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ፤ የመጀመሪያው ቀን ሦስት መርፌ ነው፣ ጠብታ መቁጠር ቀረ። የወባ ክትባትም እ.ኤ.አ. በ2019 በሙከራ መርሐ ግብር መሰጠት የጀመረው በማላዊ ነው ብሎ ጨመረ። ጤና መኮንኑ በ9ኛው የመለሱት በአንድ መስመር ነው፤ ሰዓታቸው አሁንም አለች፤ ይህን በመስማታቸው ፈጣሪን አመስግነዋል።

ከ10 እስከ 13 ያሉት ከጉዳዩ ወጡ። አንዱ የማላዊን ንሲማ ከገንፎ ጋር አወዳደረ፣ ሌላው ገንፎ ያለ ቅቤና በርበሬ ገንፎ አይባልም አለ፣ ሦስተኛዋ ንሲማ በወጥ እየተጠቀሰ የሚበላ መሆኑን አስረዳች። እውነት ነው፤ አስታማሚዎቹ ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለው መጠለያ በሦስት ጉልቻ ላይ እየሠሩ በቅጠል ወጥ ሲበሉት አይቻለሁ። እንግዳ ሲመጣም እንደ እኛው ብሉ ይላሉ።

14ኛው ምላሽ ክሩን ወደ ሌላ ክርክር ወሰደው። ጸሐፊው ቤተ ክርስቲያናቸው ከዳላስ አንድ ኮንቴይነር ሙሉ የሕክምና መሣሪያ ወደ አገር ቤት እንደላከ በኩራት ገለጸ፤ ኮንሰንትሬተሮችም ነበሩበት። ሙያ የሌለው ሰው ማድረግ ያለበት ይህን ነው፣ የእኔ መመላለስ ጊዜ ማባከን ነው አለ።

15ኛው የባዮሜዲካል ቴክኒሻን ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት የሆስፒታል መሣሪያ ጠግኗል። አክብሮት አልጎደለውም፤ ግን አልማረውም። የአሜሪካ መሣሪያ የሚሠራው በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ ነው፤ ኸርዝ ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚናገር ቁጥር ነው። የኢትዮጵያ 220 ቮልት፣ የማላዊ 230 ቮልት ነው፤ ሁለቱም 50 ኸርዝ ናቸው። ሰው ትራንስፎርመር ገዝቶ ችግሩን የፈታ ይመስለዋል። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ለ60 የተሠራው ሞተር በ50 ሲሠራ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ይግላል፣ የሚወጣው ኦክስጅን ይሳሳል። መሣሪያው ይጮኻል፣ መብራቱ ይበራል፣ ነርሷ የሚሠራ ይመስላታል። ከተቃጠለው መሣሪያ ይልቅ እርሱ የሚፈራው ይህን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት በደሃ አገሮች ሆስፒታሎች ካለው መሣሪያ ከአሥሩ አራት ያህሉ የማይሠራ መሆኑን አግኝቷል፤ እርሱ ለዚህ ጥናት አላስፈለገውም፣ መጋዘኑን በየቀኑ ይከፍተዋል። የስፖንጅ ማጣሪያው በየሳምንቱ በሳሙና ታጥቦ መድረቅ እንዳለበት የሚናገር መመሪያ ከመሣሪያው ጋር ቢላክ፣ ስንቱ መሣሪያ በአቧራ ባልታነቀ ነበር።

16ኛው ኮንቴይነሩን የላከው ሰው ተመልሶ ሲሆን፣ እውነቱን ለመናገር ብዙ ተናደደ። የድሃ እናቶች መቀነታቸውን ፈትተው ያዋጡት ገንዘብ ነው፤ ተቀምጦ መተቸት ቀላል ነው፣ ምቀኝነት ነው አለ። 17ኛው ደገፈው፤ 18ኛው ቴክኒሻኑን ደግፎ ከላይኛው የባሰ ተናገረ። ከመካከላቸው አንድ የተሰረዘ ምላሽ አለ፤ የመድረኩ አስተባባሪ ስድብ ስላለበት አንሥቶታል። እኔ ግን መሣሪያው አይሰራም መባሉ ያዋጡትን እናቶች አዋረደ ብዬ አላምንም። መቀነት ተፈትቶ የወጣ ገንዘብ በማይሠራ ሞተር ላይ ሲያልቅ ነው የሚያሳዝነው።

19ኛዋ ፋርማሲስት ናት። ጠቡን ሳትነካ ስለ መድኃኒት ብቻ ጻፈች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ መሠረት፣ የሚለገስ መድኃኒት ተቀባዩ አገር ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ ሊቀረው ይገባል። እርሷ በሠራችበት ሆስፒታል ሊያልፍ ሁለት ወር የቀረው፣ ጽሑፉ ማንም በማያነበው ቋንቋ የሆነ መድኃኒት በካርቶን ይመጣ ነበር። ከዚያ በኋላ ማስወገዱ ራሱ ወጪ ነው፤ ኮሚቴ ይቀመጣል፣ ይቆጠራል፣ ይፈረማል፣ ይቃጠላል። በሻንጣ መድኃኒት ይዘው ለሚሄዱ ሁሉ፣ ከመግዛታቸው በፊት ወደ ሆስፒታሉ ፋርማሲ ደውለው እንዲጠይቁ ለመነች።

20ኛው ደግሞ ኮንቴይነሩን የላከው ሰው ነው። ይቅርታ አልጠየቀም። ቴክኒሻኑን ግን ለሚቀጥለው ዙር የሚሆን ዝርዝር ጽፎ እንዲልክለት ጠየቀው። በ21ኛው ቴክኒሻኑ ላከለት፤ ዝርዝሩ አጭር ነው፣ ግማሹ መለዋወጫ ነው።

22ኛው ምላሽ ስድስት መስመር ነው። የጻፈችው ከሪያድ ነው፤ የቤት ሠራተኛ ናት። ከዓመታት በፊት ትርፍ አንጀቷን ቀዶ ሕክምና ሲሠሩላት አሠሪዋ ሆስፒታል በር ላይ አድርሳት ተመለሰች። አራት ቀን ተኛች፤ የአጠገቧ በሽተኛ ዘመድ ሲመጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። በሁለተኛው ቀን ወለሉን የምትወለውለው ሴት አልጋዋ ሥር ስትደርስ ፊቷን አየቻትና በአማርኛ እግዚአብሔር ይማርሽ አለቻት። የወሎ ልጅ ናት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሥራዋን ስትጨርስ መወልወያዋን ተደግፋ ሁለት ሦስት ደቂቃ ትቆምላት ነበር። መድኃኒት አልሰጠቻትም፣ ብር አልሰጠቻትም። ጸሐፊዋ እኔን የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እጅጌዬን የያዘችውን እናት ምን አልኳት?

ምንም አላልኳትም ብዬ በ23ኛው መለስኩ። ቋንቋ ስለማላውቅ ነው የሚለውን ሰበብ ልጽፍ ጀምሬ ተውኩት። ሙሊ ብዋንጂ ማለት እችል ነበር፤ ሰላምታውን አውቀዋለሁ።

24ኛው ከእስራኤል ነው፤ ከጎንደር በልጅነቱ የሄደ፣ ዛሬ ለአረጋውያን በሆስፒታል በበጎ ፈቃድ የሚያስተረጉም ሰው። ልጅ እያለ ለአያቱ የሚያስተረጉመው እርሱ ነበር፤ ሐኪሙ የነገረውን ክፉ ወሬ በአሥራ አንድ ዓመቱ ወደ አማርኛ መመለስ አቅቶት ሐኪሙ ደህና ነዎት ብሏል ብሎ ዋሻቸው። ቋንቋ የማያውቅ ሰው ሆስፒታል ሲገባ ከሁሉ በፊት አዋቂ አስተርጓሚ ይዞ ይግባ፤ ርዕሰ መምህሩ እዚያው እያሉ ለምን አልጠራሁም? ጥያቄው ተገቢ ነው። እርሳቸው ያን ሰዓት ለጄኔሬተሩ ናፍጣ ፍለጋ ወጥተው ነበር።

በ25ኛው የሚኒሶታዋ ነርስ ተመልሳ መጣች፤ የራሷን የመጀመሪያ ምላሽ ግማሽ በግማሽ አፈረሰች። ስለ እጅ ብቻ ማውራቷ ጎደሎ ሆኖ ታያት። እኛ ሆስፒታል የሚሄደውን ሰው ጠያቂ ነው የምንለው። ጠያቂ ሊያክም አይሄድም፣ ሊመረምርም አይሄድም፤ ስሙን ያገኘው ከመጠየቁ ነው፤ እንዴት አደርክ ብሎ፣ ይማርህ ብሎ፣ ትንሽ ተቀምጦ ይወጣል። በጎ ፈቃደኛ ሆስፒታል ሲገባ ችግሩ ጎብኚ ሆኖ መግባቱ ነው አለች፤ ጎብኚ የሚያየው ክፍሉን ነው፣ ጠያቂ የሚያየው ሰውየውን ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ከበሩ መመለስ ነበረብኝ የሚለውን ቃሌን በይፋ አንሥቻለሁ። መግባት ነበረብኝ፤ እንደ ጠያቂ ግን አልገባሁም። በማግስቱ ሁለቱን ጓደኞቼን ይዤ ስገባ ክፍሉን እያሳየኋቸው ነበር። ያቺ እናት ጨርቁን የሳበችው በካሜራው ላይ ብቻ አይመስለኝም።

26ኛው ዲያቆን ነው፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ጌታ ታምሞ ስለጠየቁት ሰዎች የተናገረውን አስታወሰ። 27ኛው ስብከቱ ወደ ሌላ ቦታ ይሂድ ብሎ አመናጨቀው። 28ኛዋ ሙስሊም ናት፤ በእርሷም ሃይማኖት በሽተኛን መጠየቅ አንዱ ወንድም በሌላው ላይ ያለው መብት መሆኑን ጽፋ ዲያቆኑን ደገፈችው። 27ኛው አልተመለሰም።

በ29ኛው ስለ ፎቶግራፍ የተጻፈው አጭርና ቁርጥ ያለ ነው። ጸሐፊው ጋዜጠኛ ነው። አልጋ ላይ ካለ ሰው የሚገኝ ፈቃድ እምቢ ማለት ከሚችል ሰው እንደተገኘ ፈቃድ አይቆጠርም፤ ልጇ በሰው እጅ ያለባት እናት ነጭ ለብሶ ከገባ ማንኛውም ሰው ጋር መጣላት አትፈልግም። ስለዚህ እርሱ ሕክምናው አልቆ በሽተኛው ቤቱ ከገባ በኋላ ካልሆነ አይጠይቅም።

30ኛው በታኅሣሥ ወደ ማላዊ የሚሄድ ወጣት ነው፤ ምን ይዤ ልሂድ አለ። በ31ኛው ቴክኒሻኑ፣ መጀመሪያ የክፍሉን ተረኛ ነርስ ጠይቅ፣ የምትልህን ብቻ ግዛ፣ ከቻልክ እዚያው አገር ገበያ ላይ ግዛ አለው። እኔም እዚህ ልጨምርለት፤ ከዞምባ ከመመለሴ በፊት ነርሷን ምን እንዳስፈለጋት ጠይቄአት ነበር። ኮንሰንትሬተር ትላለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ፕላስተር ነው ያለችኝ፤ ቆዳ የማይልጥ፣ ጠባቡ። ብላንታየር ሄጄ ሁለት ካርቶን ገዛሁላት።

32ኛዋ በልጅ ልጃቸው ስልክ የሚጽፉ ከሲያትል የሆኑ እናት ናቸው። ይህን ሁሉ አስነብበው ሰምተዋል። ስለ ኸርዙም ስለ ገንፎውም አልጠየቁም። ልጁስ? ብቻ አሉ።

ለአምስት ቀን በ31 ምላሽ ማንም አልጠየቀም፤ እኔም አልጻፍኩም ነበር። በ33ኛው ጻፍኩላቸው።

እማማ፣ ልጁ ድኗል። ሌሊቱን አጎቱ ከመንደር ተጠርቶ ደም ሰጠው። አርቴሱኔቱን በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ ወጉት። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ዓይኑን ገልጦ ቱቦውን ሊነቅል ታገለ፤ ነርሷ ደስ አላት፣ ለመታገል ጉልበት አግኝቷል ማለት ነው። በአራተኛው ቀን ንሲማ አለ፤ እናቱ ድስቷን ይዛ ወደ ጉልቻው ሮጠች። ሊወጡ ሲሉ ነርሷ ጥጥ በውኃ ነክራ ፕላስተሮቹን እያራሰች፣ ቆዳው እንዳይላጥ ቀስ አድርጋ አነሣቻቸው፤ ልጁ አላለቀሰም። በደብተሩ ላይ ጻፈችለት፣ ቀኑን አስገባች፣ እናቱ በፕላስቲኩ መልሳ ጠቀለለችው። እኔ በሚቀጥለው ሰኞ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሄጄ ጠየቅኩት። ወለሉ ላይ ተቀምጦ በድስቱ ክዳን ይጫወት ነበር፤ በሁለቱ ጉንጮቹ ላይ የፕላስተሩ መስመር ገና አልጠፋም ነበር።